ለአስመሳይ የተሰጠ ምስክርነት

ባሕሩ ጠጥሮ መኪና ሲሄድበት፣
ኬሚ ላይ፣ በየካቲት፣ ፀሐይ በቸኮለችበት፣
ኦይቫ ከምድር ቤት አቅፎ አወጣት፤
በልጁ ሹራብ ነበር ያኔ የጠቀለላት።
ቡናማ ናት፣ ወፍራም፤ አንድ ብሎን ጎድሏታል፤
ረጅሙ ቁልፏ ሲነኩት ወደ ግራ ያጋድላል።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ጣት አላረፈባት፣
ቱሊኪ አድጋ፣ ቫሳ ገብታ፣ ከረሳቻት።

ደብዳቤ ነው ያስወጣት፤ ከፖርቱጋል፣ ከብራጋ፣
ዱዋርቴ ከሚባል፣ ኮድ ሲጽፍ ከሚያነጋ።
ልጁ ይህችን ማሽን በዓይኑ አይቷት አያውቅም፤
ፋብሪካዋ ሲዘጋ ገና አልተወለደም።
ግን አንድ ነገር ይሠራል፤ አስመሳይ፣
እሷን ሆኖ የሚያድር በሌላ ኮምፒውተር ላይ።

አስመሳይ፣ እኛ ዘንድ፣ ስድብ ነው ስንለው፤
ፊቱን ያሳመረ፣ ሆዱን የሸሸገው፤
ምስክር ሲጠራ በጓሮ የሚሸሽ፣
ጥያቄ ሲበዛ ነገር የሚያበላሽ።
ይሄኛው ግን ሄዶ ምስክር ይጠራል፤
"የቱ ላይ ዋሸሁ?" ሲል ደጅ ይጠናል፤
ጉድለቷ ሳይቀር ነው የሚፈልገው፣
ስህተቷን ሳይስት መሳት ነው የሚያምረው።

ኦይቫ አርባ ዓመት በወረቀት ፋብሪካ
የእንፋሎት ግፊት ነው ሲያነብ፣ ሲለካ።
"መሣሪያ አይዋሽም፤ የሚዋሸው አንባቢው፣"
ይህን ነው ለልጁም፣ ለሠልጣኙም የሚለው።
ትራንስፎርመሯን ለካ፤ አምስት ቮልት ይሰጥ የነበረው
ስድስት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።
"ገዳይ" ብሎ ጣለው፤ በእጁ ሌላ ሠራ፤
ያበጡ ካፓሲተሮችን ቀየረ በየተራ።

ከዚያ ማብሪያዋን ጫነ።
ሰማያዊ።
ጠቋሚዋ ብልጭ፣ ድርግም፣
ትናንት ማታ እንዳጠፏት፣
ምንም እንዳላመለጣት።

አርባ አንድ ጥያቄ ነው ዱዋርቴ የላከላት፤
"መስመሩን ሥለሽ ስትጨርሺ ስንት ምት ታርፊያለሽ?" ዓይነት።
ኦይቫ መልሷን በእርሳስ ያሰፍራል፣
የብሎን ሻጭ በሰጠው ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ።
እስከ አሥራ ስድስተኛው ሁሉም እንደ መጽሐፉ።
አሥራ ሰባተኛው ላይ
መጽሐፉ "ሦስት" ይላል።
አስመሳዩም፣ መጽሐፉን አምኖ፣ "ሦስት"።
እሷ፦ አራት።

"ድገመው" አለ ዱዋርቴ።
አራት።
አጥፍቷት፣ ሾርባውን በልቶ ተመለሰ፦ ሦስት።
ሳህኑን አጥቦ ሲመጣ፦ አራት።

በረንዳ ላይ አወጣት፣ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት፤
ሲርካ በመስኮት አይታ፣ "ምን አገኛት?
ንጹሕ አየር ታዘዘላት?"

ስትቀዘቅዝ ሦስት ናት። ሃያ ደቂቃ ሲያልፋት፣
ሆዷ ሲሞቅ፣ አንድ ምት ትጨምራለች፤ ማንም ያልጻፈላት።

ዱዋርቴ ሁለት ቀን ዝም አለ።
በሦስተኛው፦ "ሙቀት የሌለው አስመሳይ እንዴት ይሞቃል?"
"ሰዓት ስጠው" ጻፈ ኦይቫ። "ሃያ ደቂቃ ይቁጠር፤
ከዚያ ይሳሳት፤ በልክ።"

ይህን ልኮ መብራቱን ሊያጠፋ ሲል ነው
ሹራቡን ወንበር ላይ ያየው፣
እጅጌው አጭር፣ ክርኑ የተጣፈ።
አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፦
"አባ፣ ስትሞቅ ኳሷ ትዘገያለች፤
ያኔ ነው የማሸንፋት።"
እሱም፣ መነጽሩን እየወለወለ፦
"መሣሪያ አይዋሽም፣ ቱሊኪ። አንቺ ነሽ የፈጠርሽው።"
አልቅሳ ነበር እንዴ? አያስታውስም።
ያን አልለካውም።

ሃያ አራት ጥያቄ ገና ይቀራል።
ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ቫሳ ደወለ።
"አራት ነው" አለ፣ ሰላምታ ሳያስቀድም።
"ማነው? አባ? ምኑ ነው አራት?"
ብሎን የጎደለውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ደፍኖ፣
ከየት እንደሚጀምር ፈለገ።